ወንዙ ታች፣ መንገዱ ላይ፦ የቬርዶንን ገደል በሳይክል መዞር

እሺ ሰላም ናችሁ፣ ኋላ ያላችሁት ድምጼ ይሰማል? ጥሩ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ መንገድ ነው፣ ደቡብ ምስራቅ ፈረንሳይ ፕሮቫንስ ውስጥ ያለውን የቬርዶን ገደል በሮድ ሳይክል ስለመዞር። ሙሉ ዙሩ ወደ 100 ኪሎሜትር ነው፣ ዳገቱ ሁሉ ሲደመር ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ቁጥሩ ብቻውን አያስፈራም፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ከዚህ የባሰ የነዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እንደ አልፕስ ትላልቅ ዳገቶች ደመና ውስጥ የሚያስገባ ከፍታም የለውም፣ የዙሩ ከፍተኛ ቦታ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ለምንድነው ጠንካራ የሚባሉ ልጆች እዚህ መንገድ ላይ ከሰዓት በኋላ እግራቸው የሚከዳቸው?

የኔ መልስ አጭር ነው። የወንዝ ገደል መንገድ ሲባል ለሰው የሚመስለው ወንዙን ይዞ የሚሄድ መንገድ ነው፣ ወንዝ ደግሞ ቁልቁል ነው የሚፈሰው፣ ስለዚህ ቀለል ያለ ነገር ይጠብቃል። ቬርዶን ላይ ግን ወንዙና መንገዱ ብዙም አይተዋወቁም። ወንዙ ታች ነው፣ መንገዱ ላይ ነው፣ በመሀላቸው አንዳንድ ቦታ እስከ 700 ሜትር የሚደርስ ገደል አለ፣ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ለመሻገር ደግሞ መንገዱ ይወርድና እንደገና ይወጣል። ጠዋት አንዱን ዳር ነድታችሁ ተመስገን አለቀ ስትሉ ገና ግማሽ ላይ ናችሁ፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ በሙቀት ነው። እና ዛሬ ስለ ማርሽ አወራሁ ስለ ፍሬን ስለ ውሃ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ላይ ነው የሚወድቀው፣ ለሁለተኛው ዳር ጉልበትና ጭንቅላት ማስቀረት።

ወደ መንገዱ ከመግባቴ በፊት ትንሽ ስለ ገደል መንገዶች ልበል ምክንያቱም ሁሉም አንድ አይደሉም። እዛው ፈረንሳይ ውስጥ ታርን የሚባለውን ወንዝ ብትሄዱበት ከሳንት ኤኒሚ እስከ ለ ሮዚዬ መንገዱ ታች ከወንዙ ጎን ለጎን ነው፣ ገደሉ ከራሳችሁ በላይ ቆሞ እናንተ እየተንሸራሸራችሁ ትሄዳላችሁ፣ የመጀመሪያ የገደል መንገዴ ምን ይሁን ለሚለኝ ሰው ሁሌም ታርን ነው የምለው። አርዴሽ ደግሞ ሌላ ነው፣ ከቫሎን ፖን ዳርክ እስከ ሳን ማርታን ዳርዴሽ ያለው ወደ 30 ኪሎሜትር የሚሆን መንገድ ጠርዝ ጠርዙን ነው የሚሄደው፣ መግቢያው ላይ ወንዙ ራሱ አለቱን በስቶ የሰራው ትልቅ የድንጋይ ቅስት አለ፣ ከዛ በኋላ ወንዙን የምታዩት ከላይ ብቻ ነው። ሶስተኛው ቬርኮር የሚባለው ተራራማ አካባቢ አይነት ነው፣ ኮምብ ላቫል የሚባለው ቦታ ላይ መንገዱ የገደሉን ግድግዳ ራሱን ፈልፍለው ያስገቡት ነው፣ ከ1861 እስከ 1898 ነው የተሰራው፣ ከላይ አለት ከስር አየር። እዛው ቬርኮር ግራን ጉሌ የሚባለው እንደዚሁ የተፈለፈለ መንገድ ድንጋይ እየወረደ ሰው ስለጎዳ በ2005 ለመኪና ተዘግቶ በምትኩ ዋሻ ተቆፈረለት። ይሄን የማነሳው ለታሪክ ብቻ አይደለም፣ ድንጋይ የሚወርድበት መንገድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቬርዶን የሁለተኛው ወገን ነው፣ የጠርዝ መንገድ፣ ግን ከአርዴሽ በጣም ጠልቆና በሁለቱም ዳር። ዋናው ገደል ርዝመቱ 25 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ አለቱ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ድሮ በዳይኖሰሮች ዘመን ባህር የነበረ ቦታ ላይ የተጠራቀመ። መሬቱ ከአልፕስ ጋር እየተነሳ ሲሄድ ወንዙ ቦታውን ሳይለቅ ወደታች ቆረጠ። የኖራ ድንጋይ ደግሞ አንድ ጸባይ አለው፣ ዝናብ ሲዘንብበት ውሃው ላዩ ላይ አይፈስም፣ በስንጥቁ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ግድግዳውን ከጎን የሚሸረሽሩ ትናንሽ ጅረቶች የሉም ማለት ይቻላል፣ ለዛ ነው ገደሉ ተዳፋት ሳይሆን ቀጥ ብሎ የቀረው። ለሳይክሊስት ይሄ ምን ማለት መሰላችሁ? ጠርዝ ላይ ምንጭ የለም። ውሃው ሁሉ ታች ነው፣ ታች ሲያብረቀርቅ ታዩታላችሁ፣ አረንጓዴ ነው ሰማያዊ እስኪያጨቃጭቅ ድረስ፣ እናንተ ግን ጠርሙሳችሁ ባዶ ነው። ይሄን ሳያውቅ የወጣ ሰው በጣም ይናደዳል።

ታች ያለውን ነገር ሰው በደንብ ያወቀው እንኳ በቅርብ ነው። ኤዷር አልፍሬድ ማርቴል የሚባለው የዋሻ ተመራማሪ ከነጓደኞቹ በጀልባ ገብቶ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠው በ1905 ነው፣ አብረውት ከነበሩት አንዱ ኢዚዶር ብላን የሚባል የሩጎን መንደር አስተማሪ ነበር። ከዛ በፊት እንጨት ቆራጮችና እረኞች የሚያውቋቸው መውረጃዎች ነበሩ እንጂ ሙሉውን የሄደ አልነበረም። የመኪና መንገዱ ደግሞ በደቡብ በኩል ያለው ኮርኒሽ ሱብሊም የሚባለው በ1947 ነው የተከፈተው፣ እና ልብ በሉ፣ ይሄ መንገድ በዋናነት የተሰራው ለጎብኚ ነው፣ ገደሉን ለማሳየት። መንደርን ከመንደር ለማገናኘት የሚሰራ መሀንዲስ ቀላሉን መስመር ነው የሚፈልገው። ለማሳየት የሚሰራ መሀንዲስ ግን መንገዱን እያንዳንዱ መመልከቻ ድረስ ይወስደዋል፣ ወደ ጠርዝ ያስጠጋል፣ ያስወጣል፣ ያስወርዳል፣ እንደገና ያስወጣል። ሪትም የለውም። ዳገት ላይ ሪትም የለመደ ሰው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በአንድ ማርሽ መውጣት የሚወድ ሰው እዚህ ይበሳጫል፣ እኔ በበኩሌ እንደዛ አይነቱ ሰው ቬርዶንን አይወደውም እላለሁ፣ ችግር የለውም ሌላ ተራራ ሞልቷል።

አሁን ወደ መንገዱ። መነሻ ሁለት አማራጭ አለ፣ በምዕራብ በኩል ሙስቲዬ ሳንት ማሪ፣ በምስራቅ በኩል ካስቴላን። ካስቴላን ናፖሊዮን በ1815 ከኤልባ ሲመለስ ያለፈባት ከተማ ናት፣ ከዛ ከተነሳችሁ መጀመሪያ ላይ ወደ 12 ኪሎሜትር ያህል መንገዱ እውነትም ከወንዙ ጋር ነው የሚሄደው፣ እግር ለማሟሟቅ አሪፍ ነው፣ ግን ዙሩ ላይ ሄዶ መመለሻ ይጨምርባችኋል። ሙስቲዬ ደግሞ በራሷ የምታምር መንደር ናት፣ ከበላይዋ በሁለት ገደሎች መሀል በሰንሰለት የተንጠለጠለ ኮከብ አላት፣ የመስቀል ጦርነት ጊዜ የተማረከ ባላባት ተስሎ ያሰቀለው ነው ይባላል። የኔ ምርጫ ሙስቲዬ ነው ምክንያቱም ዙሩ እዛው ይዘጋል፣ ጉዳቷ ምንድነው መንደሯ ሳንት ክሯ ከሚባለው ሐይቅ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የትም ዞራችሁ ብትመጡ መጨረሻው ሽቅብ ነው።

በሰዓት አቅጣጫ እንሂድ። ከሙስቲዬ ወደ ሐይቁ ትንሽ ወርዳችሁ ዲ 952 የሚል ቁጥር ያለውን መንገድ ይዛችሁ መውጣት ትጀምራላችሁ፣ ኮል ዳየን የሚባለው የተራራ ማለፊያ ድረስ፣ 1,031 ሜትር፣ ከዛ ትንሽ ወርዶ ላ ፓሉ መንደር። የሚያስጨንቅ ዳገት አይደለም፣ ችግሩ እሱ ነው፣ ስለማያስጨንቅ ሰው ይሮጥበታል። ጠዋት ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ እግር ትኩስ ነው፣ ቡድን ውስጥ ደግሞ ሁሌ አንድ የሚያጣድፍ ልጅ አይጠፋም። እዚህ ላይ ሙሉ አረፍተ ነገር እያወራችሁ መውጣት ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል፣ ዋት መለኪያ፣ ማለት የእግር ጉልበት የሚለካ መሳሪያ ያላችሁ ደግሞ ለአንድ ሰዓት መያዝ ከምትችሉት ጉልበት ከሶስት አራተኛው በላይ እንዳይሄድ። የሚያጣድፈውን ልጅ ልቀቁት፣ ከሰዓት በኋላ ደቡብ ዳር ላይ ታገኙታላችሁ።

ላ ፓሉ ላይ ውሃ ሙሉ። ከዛ ፗን ሱብሊም ወደሚባለው መመልከቻ ትወርዳላችሁ፣ ሩጎን መንደር ስር ማለት ነው፣ እዚህ ብስክሌታችሁን አስደግፋችሁ ትንሽ ቁሙ። ከ1999 ጀምሮ ጥንብ አንሳዎች ተመልሰው የተለቀቁት እዚህ አካባቢ ነው፣ ከመቶ አመት ገደማ በፊት ጠፍተው ነበር፣ አሁን በመንጋ ሆነው ይኖራሉ። ክንፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል። ግድግዳው በጸሐይ ሲሞቅ ነው የሚነሱት ስለዚህ ማልዳችሁ ከመጣችሁ አታገኟቸውም፣ ረፋድ ላይ ነው፣ እና ደስ የሚለው ከበላያችሁ ሳይሆን ከበታቻችሁ ሲበሩ ነው የምታዩአቸው፣ ጀርባቸውን። እኔ ለፎቶ መቆም የማልወድ ሰው ነኝ ግን እዚህ ቁሙ።

ከዛ በኋላ መንገዱ እስከ ወንዙ ይወርዳል፣ ትንሽ አብራችሁ ትሄዳላችሁ፣ ፖን ደ ሶሌይ ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፉና ወደ ትሪጋንስ ትወጣላችሁ፣ ከላይዋ አሮጌ ግንብ ያለባት መንደር። ይቺ መሀለኛ ክፍል ብዙ አይወራላትም፣ ገደሉም አይታይም፣ ግን ቀኑ የሚወሰነው እዚህ ነው። ምክንያቱም ከትሪጋንስ ቀጥሎ እስከ ኤግዊን ድረስ መንደር የሚባል የለም። ሁለት ጠርሙስ ሙሉ ውሃ ይዛችሁ፣ በደንብ በልታችሁ ነው መውጣት ያለባችሁ። በሙቀት በሰዓት ከግማሽ እስከ ሶስት አራተኛ ሊትር ትጠጣላችሁ፣ ምግብ ደግሞ በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ገደማ፣ ሆዱን ያሰለጠነ ሰው 90 ድረስ ይሄዳል፣ ግን እዛ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክሩት። አልራበኝም የሚለው ሰው ደግሞ ይብላ፣ በሙቀት የረሃብ ስሜት ይዘገያል።

ደቡብ ዳር ዲ 71 ነው። ጠርዙን መጀመሪያ የምታገኙት ሜስክላ መመልከቻ ላይ ነው፣ አርቱቢ የሚባለው ገባር ከቬርዶን ጋር የሚገናኝበትን ታች ታያላችሁ፣ ወንዙ እዛ ላይ ወደኋላ ጥምዝዝ ይላል። ትንሽ ሄዳችሁ የአርቱቢ ድልድይ፣ አንድ ቅስት ብቻ ነው፣ ከመሀሉ እስከ ታች 182 ሜትር፣ ሰዎች እግራቸውን በገመድ ታስረው ይዘሉበታል። ለኛ ግን የድልድዩ ነገር ንፋሱ ነው። ገደል ንፋስን ይሰበስባል፣ ሰፊ ቦታ ላይ የነበረ ንፋስ ጠባብ ቦታ ሲገባ ይፈጥናል፣ እና ድልድይ ላይ ስትወጡ ከለላችሁ የነበረው አለት በአንዴ ይጠፋል፣ ከጎን ይመታችኋል። ጥልቅ ቸርኬ ያለው ሳይክል፣ ያ 60 ሚሊሜትር ምናምን የሚሉት፣ እዚህ መሪውን ይነጥቃል። ክብደታችሁ ቀላል ከሆነ ፊት ላይ ጥልቀቱ ከ35 ሚሊሜትር በላይ የሆነ ቸርኬ አትጠቀሙ ነው የምለው፣ ሜዳ ላይ የምታተርፉት ሰከንድ እዚህ አይመነዘርም። ሚስትራል የሚሉት ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው የፕሮቫንስ ንፋስ የተነሳ ቀን ከሆነ ደግሞ እኔ ዙሩን አልነዳም፣ በቃ ሌላ ቀን።

ቀጥሎ የፋዬ ዋሻዎች። መብራት የላቸውም፣ ኩርባ ናቸው፣ በመሀል ወደ ገደሉ የሚያይ ክፍት ቦታ አለ። እዚህ አካባቢ ያለው አደጋ ጨለማው ራሱ ሳይሆን ለውጡ ነው፣ ከጠራራ ጸሐይ ወደ ጨለማ ስትገቡ አይን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፣ በሰዓት 40 የሚሄድ ሰው በሰከንድ 11 ሜትር ነው የሚሄደው፣ አስቡት ስንት ሜትር በጭፍን እንደሆነ። ጥቁር መነጽር ከመግባታችሁ በፊት ዝቅ አድርጉ ወይም ከመጀመሪያውኑ በጸሐይ የሚጠቁረውንና በጥላ የሚነጣውን አድርጉ፣ እሱም ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነጣው። የፊትም የኋላም መብራት ይኑራችሁ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ጨለማ ወይም እይታ ሲቀንስ መብራት ግዴታ ነው፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ እንደዛ ሲሆን አንጸባራቂ ሰደርያም ጭምር። እኔ የኋላ መብራቴን ቀኑን ሙሉ አላጠፋም። መኪና ሲደርብ ከከተማ ውጭ 1.5 ሜትር ርቀት መስጠት አለበት ይላል ህጉ፣ ብዙው ሹፌር ያከብራል፣ የመኝታ መኪና ተከራይቶ የመጣ ቱሪስት ግን የራሱን መኪና ስፋት አያውቀውም፣ ወደ ዋሻ ከሱ ጋር እኩል አትግቡ፣ አሳልፉት።

ከዋሻው በኋላ ነው ዋናው ነገር የሚመጣው፣ ወደ ቮማል የሚወስደው ዳገት፣ እስከ 1,200 ሜትር። ጥላ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሙቀቱ ከአለቱ ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው፣ እግር ውስጥ ደግሞ ያ ሁሉ የጠዋቱ መውጣት መውረድ አለ። ማርሽ ላይ የምከራከረው እዚህ ቦታ ስላለ ነው። ፊት 34 ጥርስ ኋላ 32 ያለው ሰው በደቂቃ 70 ዙር እየመታ በሰዓት 9 ኪሎሜትር ተኩል አይሞላም፣ ማለት በጣም ቀስ ብሎ እየሄደ ጉልበቱን ሳይሰብር ይወጣል። ኋላ 28 ብቻ ያለው ሰው ያንኑ ፍጥነት ለመሄድ በደቂቃ 61 ዙር ገደማ ነው የሚመታው፣ እያንዳንዱ ምት ይከብዳል፣ ጡንቻ ነው የሚበላው። ጠዋት ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ትልቅ ማርሽ የወንድነት መለኪያ የሚመስላቸው አሉ፣ እሱ ክርክር ሰልችቶኛል፣ 34 ጥርስ ኋላ አስገቡና ሂዱ።

ከቮማል በኋላ ኮል ዲሏርን አልፋችሁ ኤግዊን፣ ከዛ እስከ ሳንት ክሯ ሐይቅ ድረስ ቁልቁል ነው፣ ከ1,200 ሜትር ወደ 480 ገደማ። ሐይቁ የግድብ ሐይቅ ነው፣ በ1970ዎቹ ነው የተሞላው፣ ሌ ሳል የምትባለው አሮጌዋ መንደር ውሃ ስር ቀርታ አዲሷ ከፍ ተደርጋ ነው የተሰራችው። ከላይ ስታዩት ያምራል፣ እንደዛ ስለሚያምር ነው ሰው አይኑን ከመንገዱ የሚያነሳው።

ስለ ቁልቁለት ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው ስለ ዳገት ብዙ ይዘጋጃል ስለ ቁልቁለት አይዘጋጅም። ሰውና ሳይክል አንድ ላይ 85 ኪሎ ከሆኑ 700 ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ጉልበት ከ580 ኪሎጁል ያልፋል፣ ይሄ አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይሄ ሁሉ ወይ በንፋስ ይሄዳል ወይ ፍሬናችሁ ላይ ይቀራል። ቀስ ብሎ ፍሬኑን ሳይለቅ የሚወርድ ፈሪ ሰው ንፋሱን አይጠቀምም፣ ሙሉውን ፍሬኑ ላይ ነው የሚጭነው፣ ስለዚህ የሚገርመው ነገር ፍሬን የሚያቃጥለው ፈጣኑ ሳይሆን ቀርፋፋው ነው። ቸርኬው ላይ የሚይዝ ፍሬን ያላችሁ፣ በተለይ የካርቦን ቸርኬ ከሆነ፣ ሙቀቱ ቸርኬውን ሊያበላሽ፣ ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳ ይችላል። መያዝ፣ መልቀቅ፣ መያዝ፣ መልቀቅ። ቀጥ ባለው ላይ ልቀቁ፣ ደረታችሁን ከፍ አድርጋችሁ ንፋሱ ይያዛችሁ፣ ኩርባው ከመድረሱ በፊት በሁለቱም ፍሬን በደንብ ያዙ፣ ኩርባው ውስጥ ስትገቡ ጨርሳችሁ ልቀቁ። የውጭኛው እግር ታች፣ ክብደት እሱ ላይ፣ አይን የሚወጣበት ቦታ ላይ። የምታዩበት ቦታ ነው የምትሄዱት፣ ገደሉን ካያችሁ ወደ ገደሉ ነው የምትሄዱት፣ ቀልድ አይደለም።

እና ድንጋይ። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት። የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ውሃ ገብቶ ሌሊት ሲበርድ ይሰፋል፣ ቀን ሲሞቅ ይለቃል፣ ስለዚህ ከዝናብ ማግስትና ጸደይ መጀመሪያ ላይ መንገዱ ላይ ትናንሽ ጠጠር ተበትኖ ታገኛላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ኩርባው ውስጠኛው ጥግ ላይ፣ ልክ ጎማችሁ የሚያልፍበት። የወደቀ ጠጠር ካያችሁ ከላይ ሌላም አለ ማለት ነው፣ እዛ ቦታ ቆማችሁ ካላማዳሪያ አትቀይሩ፣ ትንሽ ገፍታችሁ እለፉ። ጎማ ስል፣ 28 ሚሊሜትር፣ ከተቻለ 30፣ አየሩን ቀነስ አድርጋችሁ። 23 የሚነዳ ሰው ካለ እግዜር ይርዳው።

ሐይቁ ጋ ስትደርሱ ጋልታ ድልድይ ላይ ወንዙ ከገደሉ ወጥቶ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ታያላችሁ፣ ሰው በፔዳል ጀልባ ወደ ገደሉ አፍ ሲገባ ሲወጣ። ከዛ እስከ ሙስቲዬ ቅድም ያልኳችሁ ሽቅብ አለ፣ ወደ 150 ሜትር ገደማ ነው፣ በካርታ ላይ ምንም አይመስልም።

አሁን አቅጣጫ። ይሄ ብዙ ያከራክራል። ፈረንሳይ በቀኝ ነው የሚነዳው፣ በሰዓት አቅጣጫ ስትዞሩ ገደሉ ሁሌም በቀኛችሁ ነው፣ ማለት እናንተ ጠርዝ ላይ ናችሁ፣ እይታው የናንተ ነው። በተቃራኒ ከዞራችሁ የአለቱ ግድግዳ በኩል ናችሁ፣ እይታው ከሌላው መስመር ማዶ ነው። ስለዚህ ለእይታ በሰዓት አቅጣጫ። ግን ለጉልበት ተቃራኒው ይሻላል፣ ከሐይቁ ወደ ኤግዊንና ቮማል ያለውን ትልቁን ዳገት ጠዋት በቀዝቃዛው ትጨርሳላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ምዕራብ ስትመለሱ ሰሜን ዳር ላይ ላ ፓሉ መንደር አለ፣ ውሃ አለ፣ ጥላ አለ። እኔ በሙቀት ወራት በተቃራኒው፣ ሜይና ሴፕቴምበር ላይ በሰዓት አቅጣጫ ነው የምለው። ጁላይና ኦገስት ግን ከቻላችሁ ጭራሽ አትሂዱ፣ መኪናው ብዙ ነው፣ ካልቻላችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ኮርቻ ላይ ሁኑ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ትልቁን ዳገት አልፋችሁ ተገኙ።

እሺ ጥያቄ ካለ... አዎ እዛ ጋ እህቴ።

ከፍታ የምፈራ ሰው ነኝ ልንዳው ወይ ነው ጥያቄዋ። ትችያለሽ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ግድግዳውን በቀኝሽ አድርገሽ። መመልከቻዎቹ ላይ መቆም ግዴታ አይደለም። አንድ ነገር ግን፣ ጠርዙ ላይ ያለው የድንጋይ አጥር ብዙ ቦታ ከሳይክል ኮርቻ ዝቅ ያለ ነው፣ በእግር ለሚሄድ ሰው የሚበቃ አጥር ሳይክል ላይ ለተቀመጠ ሰው አይበቃም፣ ስለዚህ የፈራሽው ያለምክንያት አይደለም፣ ከመስመሩ መሀል ንጂ፣ አጥሩን ታከሽ አትሂጂ፣ መኪና ከኋላ ቢጠብቅ ይጠብቅ።

ሌላ? ኢ ባይክ፣ በባትሪ ሞተር የሚታገዘው ሳይክል። ባትሪ ይበቃል ወይ። ሂሳቡን እንስራ፣ ሰውና ሳይክል 100 ኪሎ በሉ፣ 2,000 ሜትር ለማንሳት ብቻ 545 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፣ ንፋሱና የሞተሩ ብክነት ሳይቆጠር። 500 ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ሰው ሁሉንም ለሞተሩ ከተወለት አይደርስም። ግማሹን በእግሩ ከሰራ ይደርሳል። እና እሱም ቢሆን ያው ነው፣ ለሁለተኛው ዳር ማስቀረት፣ ጠዋት ላይ በትልቁ እርዳታ የሮጠ ሰው ቮማል ላይ 25 ኪሎ የሚመዝን ሳይክል ይገፋል።

ጂፒኤስ... አዎ፣ ገደል ውስጥ ይሳሳታል፣ የሳተላይቱ ሲግናል ግድግዳ እየመታ ስለሚመጣ ወንዝ ላይ የምትነዱ ያስመስላችኋል፣ ፍጥነቱም ይዘላል። አትደንግጡ፣ መንገዱ አንድ ነው መሳሳቻ የለውም። ስልክ ግን አንዳንድ ቦታ ኔትወርክ አይኖርም፣ ስለዚህ ቡድን ከሆናችሁ የት የት እንደምትጠባበቁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ላ ፓሉ፣ ትሪጋንስ፣ ኤግዊን ይበቃል።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሩት ዴ ክሬትን እንጨምር ወይ። ለማታውቁት፣ ከላ ፓሉ ተነስቶ እዛው የሚመለስ 23 ኪሎሜትር ገደማ የሚሆን ዙር ነው፣ ዲ 23፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከሁሉም የሚበልጠው እይታ እሱ ጋ ነው፣ ይሄን አልክድም። ግን ከትልቁ ዙር ጋር በአንድ ቀን አታድርጉት፣ አንዳንድ ሰው ያደርገዋል፣ ከዛ ደቡብ ዳርን እንደ ቅጣት ነው የሚያስታውሰው። ለብቻው ቀን ስጡት፣ ላ ፓሉ እደሩ። አንድ ክፍሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ ከላ ፓሉ ወደ ምስራቅ በዲ 952 ወጥታችሁ በቀኝ በኩል ባለው መግቢያ ነው የምትገቡት፣ በሌላው ጫፍ ከጀመራችሁ መሀል ላይ ከፊት ለፊት መኪና ነው የሚመጣባችሁ። ክረምታቸው ላይ በበረዶ ምክንያት ይዘጋል፣ ጸደይ ላይ የምትሄዱ ከሆነ መከፈቱን ላ ፓሉ ላይ ጠይቁ፣ ከዛ ነው የምትወጡት።